ሁለት ላይብረሪዎች አንድ ስም ሲይዙ

(ቱሉ ዲምቱ ለተሰበሰቡ ወጣት ፕሮግራመሮችና ሰርቨር አስተዳዳሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! ከመገናኛም፣ ከሜክሲኮም፣ ከአያትም ታክሲ ቀያይራችሁ እስከዚህ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የቃሊቲን መንገድ ችሎ በሰዓቱ እዚህ መድረስ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መግቢያ አላበዛም።

ዛሬ የማነሳው ሁላችሁንም አንድ ቀን የሚያገኛችሁን ጣጣ ነው። ሰርቨሩን አፕዴት አደረጋችሁ። ለዓመታት ያለችግር ሲሠራ የኖረው የደመወዝ ፕሮግራም አልነሳም አለ። ወይም ይባስ ብሎ ተነሳ፤ ከዚያ ሥራ መሃል ላይ «ሴግመንቴሽን ፎልት»፣ ማለትም ያልተፈቀደልኝን ሜሞሪ ነካሁ፣ ብሎ ወደቀ። ኮዱን ማንም አልነካውም። ወሩ አልቋል። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ስልክ ላይ ናቸው።

መጽሐፍ ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ «እንደገና ኮምፓይል አድርጉት» ይላል። ፕሮግራመሩ ከጻፈው ሶርስ ኮድ እንደ አዲስ ገንቡት ማለቱ ነው። በምን ሶርስ ኮድ? የጻፈው ልጅ ውጭ ሄዷል። ያሠራው ድርጅት ሥራ ቀይሯል። ኮዱ የነበረበት ላፕቶፕ ተሽጧል። ደግሞም እኛ የሚሠራ ነገር አንጥልም። በዚህ ከተማ እስካሁን በድሮ ፒችትሪ ሒሳብ የሚዘጋ ቢሮ ሞልቷል። እርግጥ እሱ የዊንዶውስ ነው፤ የዛሬው ጉዳያችን ሊኑክስ ነው። ጠባዩ ግን ያው ነው። እኔ ይህን ኋላ ቀርነት አልለውም። የተከፈለበት፣ ሰው የለመደው፣ ሥራውን የሚሠራ ፕሮግራም ሥሩ ያለ ላይብረሪ፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የተዘጋጀ ኮድ፣ ስለተቀየረ ብቻ መሞት የለበትም። ሸክሙን መሸከም ያለበት ላይብረሪውን የቀየረው ሰው ነው እንጂ ፕሮግራሙን የሚጠቀመው አይደለም። ዛሬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግጭቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል ውስጥ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። አንደኛው «እነዚህን ላይብረሪዎች እፈልጋለሁ» ይላል። ሁለተኛው «እነዚህን ፈንክሽኖች እፈልጋለሁ» ይላል፤ ፈንክሽን በስሙ የሚጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ ነው። የትኛው ፈንክሽን ከየትኛው ላይብረሪ እንደሚመጣ ግን አልተጻፈም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ሎደሩ፣ ማለትም ላይብረሪዎቹን ጭኖ ከፕሮግራሙ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ ስሙን ይዞ በተራ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ፣ ከዚያ ላይብረሪዎቹ ውስጥ በቅደም ተከተል። ቀድሞ የተገኘው ያሸንፋል።

እዚህ ጎን ካለው ኮንዶሚኒየም ግቢ መሃል ቆማችሁ «አበበ!» ብላችሁ ተጣሩ። መጀመሪያ በረንዳ ላይ ብቅ ያለው አበበ ይመጣል። የፈለጋችሁት እሱ ይሁን አይሁን ማንም አያጣራም። የሊኑክስ ሎደር የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ዊንዶውስ የብሎክ ቁጥሩን ጨምሮ ይጠራል፤ ፈንክሽኑ ከየትኛው ዲኤልኤል (የዊንዶውስ ላይብረሪ ፋይል) እንደሚመጣ ፋይሉ ላይ ይመዘግባል። ማክም ከ10.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እንዲሁ ያደርጋል። የሊኑክሱ አሠራር ዝም ብሎ ጉድለት ነው አትበሉ። ለፕሮግራም ሜሞሪ የሚሰጠውን የማሎክን ፈንክሽን በራሳችን ተክተን የሜሞሪ ችግር አድነን የምናገኘው በዚሁ ልቅነት ነው። ግን ዋጋ አለው።

ዋጋውን ኔትወርክ ላይ የሚያልፍ መረጃን በሚመሰጥረው ላይብረሪ፣ በኦፕን ኤስኤስኤል እንየው። ዋናው ፕሮግራም ከድሮው 1.0 ጋር የተያያዘ ነው እንበል። በኋላ የሚጫነው የዳታቤዝ ድራይቨር ደግሞ 1.1ን ይፈልጋል። ሁለቱም አንድ ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) ውስጥ ገቡ። ሁለቱም ውስጥ ኤስኤስኤል ሪድ የሚባል ፈንክሽን አለ። የስሞቹን ቨርዥን የሚለይ ነገር ከሌለ ድራይቨሩ አዲሱን ፈልጎ አሮጌውን ያገኛል። ችግሩ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.1.0 የውስጥ ስትራክቸሮቹን፣ ማለትም ዳታውን የሚያደራጅባቸውን ቅርጾች፣ አቀማመጥ ቀይሯል። አንዱ የጻፈውን ሌላው በተሳሳተ ቦታ ያነባል። አንዳንዴ ወዲያው ይወድቃል፤ ይሄ ዕድለኛ ስትሆኑ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሜሞሪውን አበላሽቶ ይቀጥላል፤ ሌላ ቦታ፣ ምንም የማያውቅ ኮድ ላይ ይፈነዳል። ስህተቱን እዚያ ስትፈልጉ ይነጋል።

መፍትሔው በስም ላይ የአባት ስም መጨመር፣ ማለትም ከፈንክሽኑ ስም ጎን ቨርዥኑን መለጠፍ ነው። ሲምቦል ቨርዥኒንግ ይባላል። ሐሳቡ ሶላሪስ ከሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመጣ ነው፤ የሊኑክስን መሠረታዊ መሣሪያዎች የሚጽፉት የጂኤንዩ ሰዎች ግን አንድ ቁልፍ ነገር ጨመሩበት። አንድ ላይብረሪ ፋይል ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው፣ ቨርዥናቸው የሚለያይ ሁለት ፈንክሽኖች አብረው መኖር ይችላሉ። የእነሱ ሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ከ2.1 ጀምሮ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በዚህ ነው የሚኖረው። ለዚህም ነው የዋናው ሲ ላይብረሪ የፋይል ስም በዋና ዋናዎቹ ማሽኖች ላይ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሊብሲ ነጥብ ኤስኦ ነጥብ 6» ሆኖ የቀረው። ስድስቱ ሰባት አልሆነም። ውስጡ ግን ስንት ጊዜ ታድሷል!

ከዚህ ሁሉ የምወደው የሜምኮፒ ታሪክ ነው። ሜምኮፒ ዳታ ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላ ይገለብጣል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሁለቱ ቦታዎች መደራረብ የለባቸውም። ከተደራረቡ ሜምሙቭን ተጠቀሙ ይላል። ግን ብዙ ፕሮግራመር ሕጉን አላነበበም፤ ቢጥስም ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ሜምኮፒ ከፊት ወደ ኋላ ሲገለብጥ ኖሯል፤ ስለዚህ አንዳንዱ መደራረብ ዕድሉ ቀንቶት ያልፍ ነበር።

በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ለአንዳንድ ፕሮሰሰሮች የፈጠነ ሜምኮፒ መጣ። እሱ ከኋላ ወደ ፊት ይገለብጣል። ፌዶራ 14 በሚባለው ሊኑክስ ላይ፣ ብራውዘር ውስጥ ድምፅና ቪዲዮ የሚያጫውተው የ64 ቢቱ ፍላሽ ፕሌየር ድምፅ መንጫረር ጀመረ። ጭቅጭቁ ጦፈ። አንዱ ወገን «ጥፋቱ የፍላሽ ነው፤ ሕጉን ጥሷል» አለ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ገብቶ ለተጠቃሚው ወገነ፤ ትናንት የሚሰማ ድምፅ ዛሬ ከተበላሸ ሕጉን ማን ጣሰ የሚለው ለተጠቃሚው ምኑም አይደለም የሚል ነበር ክርክሩ። እኔም ከሊነስ ጋር ነኝ። ሕግ የጣሰው ፕሮግራመር ነው፤ የሚቀጣው ግን ዘፈን ሊሰማ የተቀመጠ ሰው ነው።

አጨራረሱ ነው ደስ የሚለው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጂሊብሲ 2.14 ሲወጣ፣ በ64 ቢት ኢንቴል ላይ ሜምኮፒ ሁለት ሆነ። በፊት ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም የሚጠራው ሜምኮፒ 2.2.5 የሚል ቨርዥን ነበረው፤ እሱ መደራረብን ወደሚችለው ሜምሙቭ ተመራ። አዲስ ኮምፓይል የሚደረግ ሁሉ ደግሞ 2.14 የሚለውን ፈጣኑን ያገኛል። አሮጌው እንደለመደው፣ አዲሱ እንደ ሕጉ። ማንም ፕሮግራሙን መንካት አላስፈለገውም። ሸክሙን ላይብረሪው ተሸከመ የምለው ይህን ነው።

ግን ይህ ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። አሮጌ ፕሮግራም አዲስ ማሽን ላይ ይሄዳል። አዲስ ፕሮግራም አሮጌ ማሽን ላይ አይሄድም። ጂሊብሲ 2.34 በ2021 እ.ኤ.አ. የትሬድ ላይብረሪውን (ሥራዎችን ጎን ለጎን የሚያስኬደውን) ወደ ዋናው ሲቀላቅል የፕሮግራም ማስነሻ ፈንክሽኑም አዲስ ቨርዥን ያዘ። ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ በተለመደው መንገድ የተገነባ፣ «ሰላም» ብቻ የሚያትም ፕሮግራም እንኳ ከሱ በፊት በወጣው 20.04 ላይ «ጂሊብሲ 2.34 አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። እዚህ ያላችሁ ገና ተማሪዎች ላፕቶፓችሁ ላይ ሁሌም የቅርቡ ኡቡንቱ ነው ያለው። ደንበኛችሁ ግን እዚያ ላይ አይደለም ያለው። መገንባት ያለባችሁ ደንበኞቻችሁ ካላቸው ማሽን ሁሉ ባረጀው ላይ ነው። ኮንቴይነር፣ ማለትም ከማሽናችሁ ተለይቶ የሚሠራ ሳጥን፣ ውስጥ አሮጌ ሲስተም አስነሱና እዚያ ገንቡ፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አሁን እጃችንን እንይ። ፕሮግራም አልነሳም ሲል ብዙዎቻችን የምናደርገው ምንድን ነው? ሲምሊንክ! «ሊብኤስኤስኤል 1.0 የለም» ካለ 1.1ን በ1.0 ስም እናገናኘዋለን። ይሄ ችግር መፍታት አይደለም፤ ሎደሩን መዋሸት ነው። ላይብረሪው ቨርዥን ካለው ሎደሩ ውሸቱን ይይዘዋል፤ ይጮሃል። ከሌለው ግን ዝም ብሎ ያምናችኋል፤ ከዚያ ቅድም ያልኩት የሜሞሪ መበላሸት ይመጣል።

ሁለተኛው ልማድ ሎደሩ ላይብረሪ የት እንደሚፈልግ የሚነግረውን ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ለመላው ሲስተም መክፈት ነው። አንድ ፕሮግራም ለማዳን ሌላውን ሁሉ አሮጌ ላይብረሪ ማጠጣት ማለት ነው። ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ማስነሻ ስክሪፕት ጻፉለት፤ አሮጌዎቹን ላይብረሪዎች ከጎኑ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ሦስተኛውን አደራ እላለሁ፤ ዋናውን ሊብሲ ፋይል በሌላ አትተኩ። ካልገጠመ ኤልኤስ የለም፣ ሲፒ የለም፣ ለመመለስ የምትጠቀሙበት ትእዛዝ ሁሉ የለም። ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ድረስ ሄዳችሁ በፍላሽ ዲስክ ማስነሳት ነው የሚቀራችሁ። በዚህ ትራፊክ!

ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። ኤልዲ ዲበግ የሚባለውን ቫሪያብል «ባይንዲንግስ» ብላችሁ ፕሮግራሙን አስነሱ። እያንዳንዱ ስም ከየትኛው ፋይል ጋር እንደተያያዘ ሎደሩ ራሱ ይነግራችኋል። ጽሑፉ ይበዛል፤ ወደ ፋይል ላኩትና ግሬፕ በሚባለው የመፈለጊያ ትእዛዝ ፈልጉ። ሁለት ደቂቃ ነው። ሰው ግን ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ መጀመሪያ ሲስተሙን እንደገና ይጭናል።

ላይብረሪ የምትጽፉ ደግሞ፣ ከውስጥ ያለውን ሁሉ ለውጭ አታሳዩ። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ከ4.0 ጀምሮ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሁሉን ደብቆ የተመረጠውን ብቻ የሚያወጣ አማራጭ አለው። «ኢኒት»፣ «ሎግ»፣ «ኤረር» የሚሉ ስሞችን ለውጭ ከሰጣችሁ ከማን ጋር እንደምትጋጩ አታውቁም። የትኛው ስም በየትኛው ቨርዥን እንደሚወጣ የሚዘረዝረውን የቨርዥን ስክሪፕት ከመጀመሪያው ቀን ጻፉ። አሥር መስመር አይሞላም። በኋላ ልጨምር ካላችሁ ግን ቨርዥን ሳይኖረው የወጣው ነገር ያንገላታችኋል።

ሁለት ገደቦችን ሳልነግራችሁ ብወርድ ደግሞ ማታለል ይሆናል። ቨርዥኒንግ ስሞችን ነው የሚለየው፤ ዳታን አይለይም። በአሮጌው ላይብረሪ የተፈጠረን ነገር ወስዳችሁ ለአዲሱ ፈንክሽን ብትሰጡ የአባት ስም አያድናችሁም። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱን በሁለት ፕሮሰስ ለዩና በሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሶች መረጃ በሚለዋወጡበት መስመር፣ አነጋግሩ።

ሌላው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለኦፕን ኤስኤስኤል 1.0.2 ይፋዊ ነጻ ድጋፍ ያለቀው በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ የ1.1.1 ደግሞ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። አሮጌው ፕሮግራም ይኑር ስል እነዚህ ፊት ለፊት ኢንተርኔት ላይ ይቁሙ ማለቴ አይደለም። ከፊታቸው የታደሰ ፕሮክሲ አቁሙ፤ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት እሱ ይቀበል። ከኋላ ያለው ፕሮግራም ከሱ ጋር ብቻ ያውራ። ያን ካደረጋችሁ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ የለመዱትን ስክሪን ይዘው መቀጠል ይችላሉ።

ሻይ ደርሷል መሰለኝ። ከሻይ በኋላ የማይነሳ ፕሮግራም ይዛችሁ የመጣችሁ ላፕቶፓችሁን ወደ ፊት አምጡ፤ ፕሮጀክተሩ ላይ አብረን እንከፍተዋለን። እስከዚያ ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።