«ሌድ»፦ ከቢል ኦፍ ሌዲንግ ጀርባ ያለው አሮጌ ግሥ

የተከበራችሁ የትራንዚትና የትርጉም ሥራ ባለሙያዎች፣

ዕቃ ከውጭ ያስመጣ ሁሉ ቢል ኦፍ ሌዲንግን፣ ማለትም አጓጓዡ ለተረከበው የመርከብ ጭነት የሚሰጠውን ሰነድ፣ ያውቃል። ብዙ ሰው ግን «ቢል ኦፍ ሎዲንግ» ይለዋል። አይፈረድበትም፤ ሰነዱ ራሱ አናቱ ላይ «ሌዲንግ» ይልና ወረድ ብሎ የመጫኛውን ወደብ «ፖርት ኦፍ ሎዲንግ» ይለዋል። ሁለቱ ቃላት መንትያ ይመስላሉ እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም።

«ሌዲንግ» የወጣበት ግሥ «ሌድ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህላዳን» ነበር። መጫንና መከመር ማለት ነው፤ ውኃ መቅዳት፣ መጨለፍም ማለት ነው። እኛ ጨለፈ ብለን ጭልፋ እንዳልን፣ እነሱም ከዚሁ ግሥ ጭልፋን «ሌድል» አሉት። ጀርመኖች እስከ ዛሬ መኪና ሲጭኑም ስልክ ቻርጅ ሲያደርጉም «ላደን» ይላሉ። «ሎድ» ግን የመጣው መንገድና ጉዞ ማለት ከነበረው «ላድ» ከሚል ስም ነው። ድምፁ ስለተቀራረበ ትርጉሙን ከ«ሌድ» ወሰደ፤ ኋላም ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው።

በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግሡ ገና ሕያው ነው። የያዕቆብ ልጆች በአህዮቻቸው ላይ እህል ሲጭኑ የተጻፈው በዚሁ ግሥ ነው፤ በማቴዎስ 11፥28 «ሸክማችሁ የከበደ» የምንለውም እዚያ «ሄቪ ሌደን» ነው።

ዛሬ «ትራኩን ሌድ አድርግ» የሚል እንግሊዛዊ አይገኝም። በሥራ ላይ የቀረው «ሌደን» ነው፤ የተጫነበት፣ ሸክም የከበደው ማለት ነው፤ የተጫነው ነገር ሲጠቀስ «ዊዝ» ይከተለዋል። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ «ሎድድ» እንጂ «ሌደን» አይባልም፤ በፍሬ ብዛት የጎበጠ ዛፍ ግን «ሌደን» ነው። የመኪና ባዶ ክብደትም «አንሌደን ዌይት» ይባላል። «ሌደን»ን እንደ መነሻ ግሥ ወስዶ «ቱ ሌደን» ማለት ስህተት ነው፤ መነሻው «ሌድ»፣ ኃላፊው «ሌዲድ» ነው።

ለሥራችን ዋናው ጉዳይ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ነው። «ሌደን ኦን ቦርድ» ዕቃው መርከብ ላይ ወጥቷል፣ ድርጊቱ ተፈጽሟል ማለት ነው። «ሪሲቭድ ፎር ሺፕመንት» ግን አጓጓዡ ተረክቧል ከማለት አያልፍም፤ ዕቃው ገና ወደቡ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም «ተጭኗል» ብሎ የሚተረጉም ሰው አስመጪውን ያሳስታል። በኤልሲ (ባንክ ሰነድ ተቀብሎ ለላኪው ለመክፈል በሚገባው ግዴታ) ሥራ፣ ባንኮች በሚመሩበት ዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ፣ በዩሲፒ 600 አንቀጽ 20 መሠረት፣ በኦን ቦርድ ማስታወሻው ላይ የመጫኛ ቀን ከተጻፈ የጭነት ቀን ተብሎ የሚያዘው እሱ ነው፤ ሰነዱ የወጣበት ቀን አይደለም። ኤልሲው ሌላ ካላዘዘ ላኪው ሰነዱን የሚያቀርብበት 21 ቀንም ከዚያ ይቆጠራል። 21 ቀኑ ካለፈ፣ ወይም ሰነዱ የኤልሲው ጊዜ ሳያልቅ ካልቀረበ፣ ባንኩ ዲስክሬፓንሲ (ከኤልሲው ጋር አለመጣጣም) ብሎ ይይዘዋል።