አንዳንዱን አዳኝ ምንድነው እንዲህ የሚቀናው?

እሺ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ስለ አጋዘን አደን ላውራ ብያለሁ፣ ማለትም አንዱ በየዓመቱ እየቀናው ሌላው ለምን ባዶ እጁን ይመለሳል የሚለውን። ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ጠብመንጃውን ነው፣ ወይ ስኮፑን፣ ማለትም ማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ወይ ልብሱን። ልብሱ እንኳን አያጨቃጭቅም፣ አጋዘን ብርቱካናማና ቀይ በደንብ አይለይም፣ ሰማያዊውን ነው አጥርቶ የሚያየው፣ ስለዚህ ለደህንነት የሚለበሰው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ያን ያህል አያስደነግጠውም። እጅህን ብታንቀሳቅስ ግን ያያል፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ያሸትሃል።

ለኔ ልዩነቱ ነፋሱ ላይ ነው። ጎበዙ አዳኝ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ዱቄት ይይዛል፣ ብን ያደርገውና ወዴት እንደሚሄድ ያያል፣ አጋዘኖቹ ወደሚተኙበት ከሄደ በቃ፣ ቦታው የፈለገ አሪፍ ቢሆን ያን ቀን እዛ አይቀመጥም። ብዙ ሰው ይሄን አይችልም፣ ከስንት ቀን በፊት አስቦበት፣ ሌሊት ተነስቶ እዛ ድረስ ሄዶ እንዴት ይመለስ? ዳገታማ ቦታ ላይ ደሞ ነገሩ ይብሳል፣ ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል ሽቅብ ይወጣል፣ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ምርጥ የነበረው ቦታ ረፋድ ላይ ይከዳሃል።

ሌላው የአደን ወቅቱ ሳይከፈት የሚሰራው ነው። አጋዘን ያመሰኳል አይደል፣ ንጋትና ምሽት ላይ በልቶ ገብቶ ተኝቶ ያመሰኳል፣ እና ከመተኛው ወደ መብሉ የሚሄድባትን ቀጭን መንገድ ያወቀ ሰው ግማሹን ጨርሷል። ኮቴውን ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጠርዙ ስል ከሆነ ትኩስ ነው፣ ከተሸራረፈ ቆይቷል። በጠጡም እንደዛው፣ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቅርብ ናቸው። ግን በየቀኑ እየሄደ አይረግጠውም፣ ምክንያቱም ያረጀው ወንድ ሰው መብዛቱን ካወቀ ቀን መውጣት ይተውና ሌሊት ብቻ ይንቀሳቀሳል።

እድልም አለ፣ አልክድም። በመራቢያ ወቅት፣ የሰሜን አሜሪካው ነጭ ጅራት አጋዘን በብዙ ቦታ ኖቬምበር አካባቢ፣ ወንዱ ሴት ሲያሳድድ ጥንቃቄውን ሁሉ ይረሳዋል፣ ያኔ ጀማሪውም ይቀናዋል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ደሞ፣ ሌላ ሰው የማይገባበት የግል ጫካ ያለው ሰውዬ ትልቅ ቀንድ ይዞ ፎቶ ሲለጥፍ ሁሉም ጉድ ጎበዝ ይለዋል፣ እስቲ መጀመሪያ ጫካውን እዩለት። በሉ ቻው፣ በሚቀጥለው ስለ ቀስት እናወራለን።