ማንም ሰው ሊያበላሸው የሚችል ኢንሳይክሎፒዲያ ለምን አልተበላሸም?

[ስክሪን፦ የዊኪፔዲያ ገጽ፣ ማውሱ ኤዲት የሚለው ላይ ይቆማል]

እሺ ይቺን ቁልፍ እዩዋት፣ ኤዲት የምትለዋን። ይሄን ቪዲዮ የሚያይ ሰው አሁኑኑ ገብቶ፣ ብዙ ገጾች ላይ አካውንት እንኳን ሳይከፍት፣ የፈለገውን ጽፎ ሴቭ ማድረግ ይችላል። ስድብም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይቀበለዋል። ታዲያ እንዲህ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ነገር እስካሁን እንዴት መጫወቻ ሆኖ አልቀረም? ብዙ ሰው የሆነ ቢሮ ቁጭ ብለው ጽሑፉን ሳይወጣ የሚያጣሩ ሰዎች ያሉ ይመስለዋል። የሉም። እንደዛ ያለው ነገር እኮ መጀመሪያ ተሞክሮ ነበር።

ጂሚ ዌልስ በ2000 ኑፔዲያ የሚባል ኢንሳይክሎፒዲያ ጀመረ፣ ላሪ ሳንገር ዋና አዘጋጅ ሆነ። የሚጽፉት ባለሙያዎች ናቸው፣ አንድ ጽሑፍ ሰባት ደረጃ አልፎ ነው የሚወጣው። ወረቀት ላይ ያምራል፣ ግን ወራት አልፈውም የወጣው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል ፕሮግራመር ደግሞ በ1995 ማንም ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ ሰርቶ ነበር፣ ዊኪ ብሎ። እነ ዌልስ ይሄን ለኑፔዲያ ረቂቅ ማዘጋጃ ይሆነናል ብለው ጃንዋሪ 15፣ 2001 ዊኪፔዲያን ከፈቱ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ወደ 20,000 ጽሑፍ ደረሰ፣ ኑፔዲያ በ2003 ተዘጋ። ረዳቱ ዋናውን ዋጠው ማለት ነው።

[ስክሪን፦ ሂስትሪ የሚለው ታብ ይከፈታል]

ምስጢሩ እዚህ ጋር ነው፣ ማንም የማይነካት ታብ ላይ። ኤዲት ስታደርጉ የድሮው ጽሑፍ አይጠፋም፣ አዲስ እትም ከላዩ ይጨመራል እንጂ የቀድሞዎቹ በሙሉ ዳታቤዙ ውስጥ አሉ፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ሁለቱን እትም ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያችኋል፣ የተጨመረውና የተቀነሰው በቀለም ተለይቶ። ስለዚህ አንዱ ግማሽ ሰዓት ለፍቶ ገጹን ቢያበላሽ ሌላው በአንድ ክሊክ ወደነበረበት ይመልሰዋል። እኔ በበኩሌ የዊኪ ትልቁ ፈጠራ ኤዲት ሳይሆን ይሄ ይመስለኛል፣ ማበላሸት ከማስተካከል የበለጠ ልፋት እንዲጠይቅ መደረጉ። በዛ ላይ ሰዎች የሚከታተሉት ገጽ ሲነካ የሚያዩበት ዝርዝር አላቸው፣ እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ክሉቦት ኤንጂ የሚባል ቦት፣ በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ግልጽ ብልግናን ብዙ ጊዜ ሰው ሳያየው ያጠፋዋል።

ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሚይዘው ጩኸታሙን ነው። በ2005 አንድ ሰው አካውንት ሳይኖረው ጆን ሲገንታለር ስለሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አዲስ ገጽ ከፍቶ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር ብሎ ጻፈ፣ ፍጹም ውሸት፣ ግን ጨዋ በሆነ አጻጻፍ፣ ገጹንም የሚከታተለው ሰው ስላልነበረ አራት ወር ያህል ቆየ። ከዛ በኋላ ነው እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አካውንት የሌለው ሰው አዲስ ጽሑፍ እንዳይጀምር የከለከለው። ስለዚህ ታዋቂ ገጽ ላይ ያለ ስድብ አያሳስባችሁ፣ ማንም የማያየው ገጽ ላይ ያለች፣ ምንጭ ያልተጠቀሰባት ጸዳ ያለች ዓረፍተ ነገር ናት የምታሳስበው።

[ስክሪን፦ የገጹ ግርጌ፣ የላይሰንሱ ጽሑፍ]

ሌላው ሰው የማያነበው ነገር ላይሰንሱ ነው፣ የአጠቃቀም ፈቃዱ ማለት ነው። ጽሑፉን ኮፒ ማድረግ፣ መቀየር፣ ሌላው ቀርቶ መሸጥ ይቻላል፣ ከየት እንደመጣ እስከጠቀሳችሁና እናንተም በተመሳሳይ ላይሰንስ እስከለቀቃችሁት ድረስ። ገጹን የሚያሰራው ሚዲያዊኪ የሚባለው ሶፍትዌርም ክፍት ነው፣ አውርዶ የራስ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። "ታዲያ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?" ትሉ ይሆናል፤ ጥቅሙ በ2002 ታየ። ዊኪፔዲያ ላይ ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል የሚል ወሬ ሲነሳ የስፓኒሽ አዘጋጆች ማንንም ሳያስፈቅዱ ጽሑፎቹን ይዘው ወጡና ኤንሲክሎፔዲያ ሊብሬ የሚባል የራሳቸውን ከፈቱ፣ ሴቪያ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ። ያኔ ላይሰንሱ ሌላ ነበር፣ መብቱ ግን ያው፣ ማንም ሊከሳቸው አይችልም። ስፓኒሹ ዊኪፔዲያ ለረጅም ጊዜ ተዳክሞ ቆየ፣ የዊኪፔዲያ አድራሻም በዛው ዓመት ከዶት ኮም፣ ከንግዱ፣ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ወደተለመደው ዶት ኦርግ ዞረ፣ ማስታወቂያውም እስከዛሬ አልመጣም፤ በምትኩ የመጣው ያ ገጹን ሸፍኖ መዋጮ የሚለምናችሁ ባነር ነው፣ ኤክሷን ተጭናችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።