ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ፕሮግራም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች በትእዛዝ መስመር ላይ ከፕሮግራሙ ስም ቀጥለው ስለሚጻፉ አርጉመንቶች፣ ማለትም ለፕሮግራሙ ስለሚሰጡ ቃላት፣ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ፣ ግማሾቻችሁ ርእሱን አይታችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቄ ነበር። አልፈርድባችሁም። ይህ ክፍል ሁላችንም ዋናውን ሥራ ከጨረስን በኋላ፣ ደክሞንና ቸኩለን የምንጽፈው ነው፤ ተጠቃሚው ግን ከፕሮግራማችን ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው እዚያው ላይ ነው።

ብዙ ነገር ልነግራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ያልገባውን ቃል ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ፕሮግራም አደገኛ መሆኑን፣ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የምናመርተውም አርጉመንቶቹን የሚያነበውን መተንተኛ በእጃችን ስንጽፍ መሆኑን ለመናገር ነው።

ከእናንተ መካከል ያን ሌሊት አብራችሁኝ ያነጋችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። በምሠራበት ድርጅት ያረጁ ፋይሎችን ከሰርቨር ላይ የሚያጸዳ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፌ ነበር። «--ድራይ-ራን» (የሙከራ ጉዞ) የሚል ኦፕሽን፣ ማለትም አሠራሩን የሚቀይር ምርጫም ነበረው፤ ይህ ሲጻፍ ፕሮግራሙ የሚሰረዙትን ፋይሎች ስም በዝርዝር ያሳያል እንጂ አንዱንም አይነካም። አርጉመንቶቹን የሚያነበው ክፍል አሥር መስመር ያህል ቢሆን ነው። የመጡትን ቃላት አንድ በአንድ ያያል፤ ቃሉ «--ዴይስ» ከሆነ ቀጥሎ ያለውን የቀናት ቁጥር ይወስዳል፣ «--ፓዝ» ከሆነ የፎልደሩን ስም ይይዛል፣ «--ድራይ-ራን» ከሆነ ሙከራ መሆኑን ይመዘግባል። ከሦስቱ አንዱም ካልሆነስ? ለዚያ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። እንዲያውም በማጠሩ ኮርቼበት ነበር፤ ለሦስት ኦፕሽን ላይብረሪ (ሌሎች አዘጋጅተው ያስቀመጡት ኮድ) ምን ያደርጋል ብዬ የተከራከርኩትም እኔው ነኝ።

አንድ ምሽት አንድ ባልደረባዬ ፕሮግራሙን አስነሣው። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጠንቃቃ ባይሆን ኖሮ መጀመሪያ መሞከርን አያስብም ነበር። ነገር ግን «--ድራይራን» ብሎ ጻፈ፤ መካከል ላይ ያለችው ዳሽ ቀረች። ፕሮግራሜ ቃሉን አየው፣ ከሚያውቃቸው ከሦስቱ ጋር አነጻጸረው፣ አላወቀውም፣ አለፈው። ከዚያም ሥራውን ጀመረ። የፋይሎቹ ስም በተርሚናሉ ላይ እየተከታተለ ሲወርድ ባልደረባዬ ሙከራ ላይ ያለ መስሎት ዝርዝሩን በእርጋታ ያነብ ነበር። ያነበበው እያንዳንዱ መስመር የተሰረዘ ፋይል ነበር።

የመጨረሻው ባክአፕ የሁለት ቀን ዕድሜ ነበረው፤ የተረፈውን ስንመልስ አነጋን፤ የሁለት ቀን ሥራ ግን በዚያው ቀረ። በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ጉዳዩ «የተጠቃሚ ስህተት» ተብሎ ተመዘገበ፤ እኔም እንደ ፕሮግራሜ ዝም አልኩ።

ያ የተጠቃሚ ስህተት አልነበረም! ሰው አንዲት ዳሽ ሊረሳ ይችላል፤ ነገም ይረሳል። ጥያቄው ማሽኑ የማያውቀው ቃል ሲነገረው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ፋይል ሊሰርዝ የተዘጋጀ ፕሮግራም ከተነገረው ትእዛዝ ውስጥ ግማሹ ሳይገባው እጁን ወደ ሥራ ከሰደደ፣ ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው፤ ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው፤ ኮዳችሁ እንደኔው ከሆነ ግን ስለ እናንተም ነው!

ይበልጥ የሚያናድደው መፍትሔው አዲስ አለመሆኑ ነው። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ አርጉመንቶችን የሚያነበውን፣ ጌትኦፕት የተባለውን የሲ ቋንቋ ፈንክሽን ምንጭ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1985 በዳላስ በተካሄደው የዩኒፎረም ጉባኤ ላይ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀ። ጌትኦፕት የማያውቀው የኦፕሽን ፊደል ሲገጥመው የስህተት መልእክት ይጽፍና የሚመልሰው የጥያቄ ምልክት ነው። ፕሮግራም ያልገባውን መጠየቅ እንዳለበት ያኔ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከመጠየቅ መዝለልን መረጥኩ።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከዚያ እጅግ ቀሏል፤ ምክንያቱም አርጉመንቱ እንዴት እንደሚነበብ መጻፍ ቀርቶ፣ ምን እንደሆነ መግለጽ ብቻ በቂ ሆኗል። አርግፓርስ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ «--ዴይስ» የሚባል ኦፕሽን አለኝ፣ ሙሉ ቁጥር ይቀበላል፣ ካልተሰጠ 30 ነው፣ ትርጉሙም ይህ ነው ብላችሁ አንዴ ታስታውቃላችሁ። ከዚያች አንዲት መስመር ንባቡም፣ የዓይነት ፍተሻውም፣ የእገዛ ጽሑፉም፣ የስህተት መልእክቱም ይወጣል። የኔ የእገዛ ጽሑፍ በእጅ የተጻፈ ስለነበር ነባሪው (ተጠቃሚው ካልሰጠ የሚወሰደው ቁጥር) 30 ቀን ነው ይል ነበር፤ ኮዱ ግን ወደ 7 ከተቀየረ ቆይቶ ነበር። በረስት ቋንቋ፣ ክላፕ በተባለው ላይብረሪ ሲሠራ ደግሞ የመረጃውን መዋቅር መግለጹ ብቻ ይበቃል። ላይብረሪ መጫን ሸክም ነው የሚለው የድሮ ክርክሬም አይቆምም፤ አርግፓርስ ከፓይተን 2.7 እና 3.2 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ጎ የተባለው ቋንቋም የራሱ ፍላግ የተባለ ፓኬጅ አለው።

ፕሮግራሜን በአርግፓርስ እንደገና ከጻፍኩት በኋላ ያንኑ የተሳሳተ ቃል ሰጠሁት። የማይታወቅ አርጉመንት መሆኑን ተናገረ፣ አጠቃቀሙን በአንድ መስመር አሳየ፣ አንድ ፋይል ሳይነካ የስህተት ኮድ 2 መልሶ ወጣ።

ላይብረሪ ሁሉንም ያድናል አልልም። አርግፓርስ ውስጥ የኦፕሽኑን ዓይነት «ቡል» (እውነት ወይም ሐሰት) ብላችሁ፣ ተጠቃሚው «--ኮምፕረስ ፎልስ» (መጭመቅ፦ ሐሰት) ብሎ ቢጽፍ፣ ውጤቱ እውነት ይሆናል፤ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ በፓይተን እውነት ነውና። ተጠቃሚው አይሆንም ሲል ፕሮግራሙ እሺ፣ ይሆናል ይላል፤ ይህ ከመዝለል የባሰ ነው። ለእንዲህ ያለው ኦፕሽን ኦፕሽኑ ሲጻፍ ብቻ እውነት የሚያደርገውን፣ «ስቶር-ትሩ» የተባለውን አክሽን ተጠቀሙ። አህጽሮትንም ዝጉት፤ አርግፓርስ በነባሪው የኦፕሽን ስም ከፊሉ ብቻ ሲጻፍ ይቀበላል፣ ነገ በዚያው ፊደል የሚጀምር ሌላ ኦፕሽን ስትጨምሩ ግን በአህጽሮቱ የሚሠሩ ስክሪፕቶች ሊሰበሩ ይችላሉ። ከፓይተን 3.5 ጀምሮ መዝጊያ ተበጅቶለታል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። የይለፍ ቃልን በአርጉመንት አትቀበሉ፤ በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ የሚሠሩትን ፕሮሰሶች ሲዘረዝር ሊያየው ይችላል። ብቻቸውን የቆሙ ሁለት ዳሾች «ኦፕሽን እዚህ ላይ አበቃ» ማለታቸውንም አክብሩ፤ ስሙ በዳሽ የሚጀምር ፋይል ያጋጠመው ሰው ምክንያቱን ያውቃል።

ያ አሥር መስመር ኮድ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ታሪካችን ውስጥ ዛሬም አለ፣ አልሰረዝኩትም። ማየት የሚፈልግ ካለ ከመድረኩ ስወርድ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አሳየዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።