ዓይን ከመስኮቱ ሳይነሳ የሚታዘዝ ካሜራ

የተከበራችሁ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና የካሜራ ወዳጆች፣

ስለ አዲስ ካሜራ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የሜጋፒክስሉ ብዛት ነው። ከዚያ የሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) ስፋት፣ ቀጥሎም የቪዲዮው ጥራት ይመጣል። ካሜራው እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የመጣሁት ለዚህ ለተዘነጋ ጉዳይ ልሟገት ነው። ዓይናችንን ከማያ መስኮቱ ሳናነሳ ብርሃኑን፣ ፍጥነቱን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ) እና ፎከሱን በጣታችን መቀየር ካልቻልን፣ ሴንሰሩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ላመለጠን ቅጽበት አይደርስልንም።

እስቲ የማንሻ ቁልፉን ቀረብ ብለን እንየው። ግማሽ ድረስ ሲጫኑት ካሜራው ፎከስ ያደርጋል፣ ብርሃን ይለካል፤ ጠለቅ ሲያደርጉት ያነሳል። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ጣትን የሚገታ መጠነኛ ጥንካሬ አለ። እሱ በጥንቃቄ ከተሠራ፣ አንሺው ጣቱን ግማሹ ላይ አሳርፎ የሰውየው ፊት እስኪፈካ መጠበቅ ይችላል። ቁልፉ ከላላ ሳያስበው ያነሳበታል። ከጠጠረ ደግሞ በሚጫንበት ሰዓት ካሜራው ይነቃነቃል፤ ፎቶውም ይደበዝዛል። ይህን የሚገልጽ ቁጥር በየትኛውም የካሜራ ማስታወቂያ ላይ አይገኝም።

ቁልፉ በቀኝ በኩል መሆኑ እንኳ ከመጀመሪያው የተቆረጠ ነገር አልነበረም። በ1936 የወጣው ኪኔ ኤግዛክታ የተባለው ካሜራ የሚያነሳው በግራ እጅ ነበር፤ ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1985 ሚኖልታ 7000 የፍጥነት መዘውሩን አስወግዶ በቁልፎች ተካው። በቀጣዩ ዓመት ካኖን ቲ90ን ሲያወጣ፣ ከማንሻው ቁልፍ ጀርባ አንድ ትንሽ መዘውር አኖረ። አመልካች ጣት ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ታዞራለች፤ ወዲያው ተመልሳ ታነሳለች። ቅርጹን በማውጣት የምርት ንድፍ ባለሙያው ሉዊጂ ኮላኒ ተሳትፎበታል፤ ማዕዘኖቹ ተሞርደው አካሉ ለመዳፍ እንዲመች ሆኗል። በ1989 ደግሞ የካኖን ኢኦኤስ-1 ከጀርባው ለአውራ ጣት የሚሆን ሰፊ መዘውር ጨመረ። ዛሬ የምንይዛቸው ዲጂታል ካሜራዎች አብዛኞቹ የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ቁጥር የተጻፈባቸውን የድሮ መዘውሮች የሚወዱ ብዙዎች አሉ፤ እኔም አንዱ ነኝ። በ2011 ገበያ የገባው ፉጂፊልም ኤክስ100 የፍጥነት መዘውሩን ከላይ፣ የአፐርቸር (ብርሃን የሚያልፍበት የሌንስ ቀዳዳ) ቀለበቱን ሌንሱ ላይ ይዞ መጣ። ካሜራው ጠፍቶ ሳለ እንኳ ጎንበስ ብሎ አይቶ ፍጥነቱ 1/250 ሰከንድ ላይ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን የድሮ መልክ ብቻውን ምቾት አይሆንም። በ2013 የወጣው ኒኮን ዲኤፍ የብርሃን ማስተካከያ (ፎቶውን ካሜራው ከለካው ይልቅ የሚያደምቅ ወይም የሚያጨልም) መዘውሩን በግራ በኩል ያደረገው ከነመቆለፊያው ነው። ግራ እጅ ሌንሱን ደግፋ ይዛለች፤ መዘውሩን ለማዞር ከሌንሱ መላቀቅ አለባት። ከባድ ሌንስ የተገጠመበት ካሜራ በዚያች ሰዓት በቀኝ እጅ ብቻ ይንጠለጠላል። ለዓይን ያማረ፣ ለእጅ ግን የማይመች አሠራር ነው።

በሌላው ጽንፍ ካኖን በ2018 ኢኦኤስ አር ላይ ከማያ መስኮቱ አጠገብ በጣት የሚዳሰስ አሞሌ አኖረ። አሞሌው ልሙጥ ስለሆነ ጣት የት እንዳረፈች አታውቅም፤ መዘውር ሲዞር የሚሰጠው የ«ቀጭ» ስሜትም የለውም። በ2020 በወጡት አር5 እና አር6 ላይ አሞሌው ቀርቶ የፎከስ ነጥቡን በአውራ ጣት የሚያንቀሳቅስ ጆይስቲክ ገባ። ካኖን እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለሱን እንደ ብስለት እቆጥርለታለሁ።

የሚነካ ስክሪንን አልነቅፍም፤ ካሜራው ትሪፖድ ላይ ሆኖ ፎከስ ለመምረጥ ወደር የለውም። በግራ ዓይናቸው የሚያዩ ሰዎች ግን አፍንጫቸው ስክሪኑን እየነካ ፎከሱ ወደማይፈልጉት ቦታ ይሄድባቸዋል። ተራ ጓንት ላጠለቀ እጅም ስክሪኑ አይታዘዝም። ስለዚህ አፐርቸር፣ ፍጥነት፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ የብርሃን ማስተካከያና የፎከስ ነጥብ፣ እነዚህ አምስቱ የየራሳቸው ቦታ ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ። የሰዓትና የቋንቋ ምርጫ ሜኑ ውስጥ ቢደበቅ የሚጎዳው የለም።

እጅ ለምዶ የያዘው ነገር በቀላሉ አይለቅም። የኒኮንና የካኖን ሌንሶች የዙም ቀለበታቸው የሚዞረው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ ባለሙያ ለማቅረብ አስቦ ያርቃል፤ ይህም የሚሆነው ሲቸኩል ነው። ሁለት ካሜራ ይዛችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ቁልፎቻቸውን በሜኑ አማካኝነት በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት አድርጓቸው።

አሁን ወደ ጠረጴዛዎቹ ስንሄድ፣ የመረጣችሁትን ካሜራ ከማብራታችሁ በፊት ያዙት። ትንሿ ጣታችሁ መጨበጫው ላይ ማረፊያ አግኝታ እንደሆነ፣ ወይስ ከታች ተንጠልጥላ እንደቀረች ተመልከቱ። መነጽር የምታደርጉ ከነመነጽራችሁ በመስኮቱ እዩና አራቱም ማዕዘን ይታያችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ከዚያ አብሩትና ዓይናችሁን ሳታነሱ አይኤስኦውን ከ100 ወደ 1600 አምጡት። ጣታችሁ መንገድ የጠፋባትን ቦታ በየፊታችሁ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፤ የካሜራ ንድፍ የሚሠሩ እንግዶቻችን አንድ በአንድ እንዲመልሱበት እጠይቃለሁ።