መቅድሙን ማን ያነበዋል?

የምጽፈው መጽሐፍ መቅድም አላለቀም። ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ባለፈው ክፍል «በዚህ ሳምንት ይዘጋል» ስል የሳቃችሁት ሳቅ እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል።

የዛሬው ነገር ግን ሌላ ነው። ረቂቁን ለዚያች ለምታውቋት አንባቢዬ ሰጠኋት። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ገለጠችው። የርዕሱን ገጽ አለፈች። መታሰቢያውን አለፈች። ምስጋናውን፣ የራሷ ስም ከላይ የተጻፈበትን ምስጋና፣ አለፈች። መቅድሙ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷን ከገጾቹ ጠርዝ አስገብታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገለበጠችና ምዕራፍ አንድ ላይ ዐረፈች። ክፋት ቢኖርበት በተቀየምኩ ነበር። ጣቷ ግን መንገዱን ያውቀዋል።

እኔም እኮ የሌላ ሰው መጽሐፍ ስገዛ ከመቅድም አልጀምርም። ታዲያ ምን አስቆጣኝ?

መግቢያ እንኳ ሥራ አለው፤ ስለ ምን እንደሚወራ ይናገራል። ብዙዎች መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ የሚጽፉትም ለዚህ ነው። መቅድም ግን የደራሲው የራሱ ጉዳይ ነው፦ ለምን ጻፍኩት፣ እንዴት ጻፍኩት፣ ምን ጎደለው። የእኔውን መልሼ ሳነበው ገና ሳልከሰስ የምከራከር ሆኜ አገኘሁት።

ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 ባሳተመው «ዶን ኪኾቴ» ልብ ወለድ መቅድም ላይ፣ መጽሐፉ ቢያደክመውም መቅድሙን የመጻፍን ያህል የከበደው እንዳልነበረ ይናገራል። ከመጽሐፉ ፊት የሚደረደሩት የውዳሴ ግጥሞች ሲቸግሩትም ወዳጁ ራሱ ጽፏቸው በፕሪስተር ጆን ስም እንዲያወጣቸው ይመክረዋል። አውሮፓውያን የእኛን ንጉሥ ሲጠሩበት በኖሩት ስም! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰውየው በመቅድም ላይ ቁጭ ብሎ በመቅድም ይቀልዳል። እኔ ደግሞ፣ እንጃ፣ ቀልዱ አልመጣልኝም።

እንቅልፍ የነሳኝስ የገጽ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም በሮማውያን ቁጥር ለብቻቸው ሲቆጠሩ፣ መቅድሙ ቢረዝምም ቢያጥርም የምዕራፍ አንድ ገጽ 1 አይነቃነቅም። ለአሳታሚ ምቹ ነው። ግን እኮ መቅድሙ ጨርሶ ቢወጣም ያው ነው፤ የጎደለ ገጽ መኖሩን ማንም አያውቅም።

ልተወው ይሆን? ምስጋናው ብቻ ይቆይ… አይ፣ ምስጋናውንማ ማን አየው? ወይስ ቆርጬ ምዕራፍ አንድ ውስጥ ባስገባው? እዚያ እንኳ አትዘልለውም… ወይም ትዘልለው ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ምዕራፉን…