ቲ ሴል ሳይቶካይን የሚለቀው ማን ሲፈርምለት ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ባለፈው ሳይቶካይን ምን እንደሆነ አውርተናል፤ የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚላላኩበት ፕሮቲን ነው። ዛሬ ጥያቄው አንድ ነው። ቲ ሴላችንን፣ ማለትም በሽታ ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች አንዱን፣ "አሁን አምርት" የሚለው ማነው? ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እስከዚያው አድርጉ፣ ነጻ ነው።

በዕድር ልጀምር። የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ነው ያለው። ቼኩ ላይ ሰብሳቢው ብቻ ቢፈርሙ? አይወጣም። ገንዘብ ያዧ ብቻ ቢፈርሙ? አይወጣም። ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ሰብሳቢው መዝገቡን ይዘዋል፤ ሟች አባል መሆኑን ያውቃሉ። ገንዘብ ያዧ እትዬ ደግሞ ለቅሶ ቤት ደርሰው፣ ድንኳኑን በዓይናቸው አይተው ነው የሚፈርሙት። አንዳንዴ ሰብሳቢው ፈርመው እትዬ አዳማ ልጃቸው ጋ ሄደዋል። በቃ፣ ሰዉ በር ላይ ቆሞ ስልክ ሲደውል ይውላል። ታውቁታላችሁ!

ቲ ሴል ላይ ሰብሳቢው ቲሲአር የሚባለው ተቀባይ ነው። ሌላ ሴል ቁራጭ ፕሮቲን ሲያሳየው "ይሄን አውቀዋለሁ" ይላል። እትዬ ደግሞ ሲዲ28 ናቸው፣ እዚያው ቲ ሴሉ ላይ ያለ ሌላ ተቀባይ። እሳቸው የሚፈርሙት ቁራጩን የሚያሳየው ሴል፣ በተለይ ዴንድራይቲክ ሴል የሚባለው፣ ሲዲ80 እና ሲዲ86 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ላዩ ላይ ሲያወጣ ነው። እነሱን በብዛት የሚያወጣው አደጋ ሲሸተው ነው። ድንኳኑ ተተከለ ማለት ነው። ሰብሳቢው ብቻቸውን ከፈረሙስ? ቼኩ መመለሱ ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡም ይታገዳል። ሴሉ ይደነዝዛል፤ አነርጂ ይሉታል። የራሳችንን አካል እንዳያጠቃ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ። በፍጥነት ነው የማልፈው። ቲሲአር ሲነካ ኤልሲኬ የሚባል ፕሮቲን ይነሳል። እሱ ዛፕ-70ን ይቀሰቅሳል፣ ዛፕ-70 ላትን፣ ከዚያ ፒኤልሲ-ጋማ፤ ሁሉም ፕሮቲኖች ናቸው። ፒኤልሲ-ጋማ ከሴሉ ሽፋን አንድ ቅባት ለሁለት ይሰነጥቃል፤ አይፒ3 እና ዳግ። በአይፒ3 በኩል ካልሲየም ይጎርፋል፣ ካልሲኒዩሪን የሚባል ኢንዛይም ይነሳል። ካልሲኒዩሪን ኤንፋት የሚባል ጂን ቀስቃሽ ፕሮቲን ላይ የተለጠፈውን ፎስፌት ይነቅላል፤ ኤንፋት ጂኖቹ ወዳሉበት ኒውክለስ ይገባል። በዳግ በኩል ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ እና ኤፒ-1 የሚባሉ ሌሎች ጂን ቀስቃሾች ይመጣሉ፤ ሲዲ28 በተለይ እዚህ ያግዛሉ። ሦስቱ ኢንተርሉኪን-2 የሚባለው ሳይቶካይን ጂን ላይ ሲገናኙ ምርቱ ይጀመራል። አለቀ። ያልገባው ወደ ኋላ መልሶ ይየው፣ ለቻናሉም ይጠቅማል።

እሺ፣ ኮሜንት ላይ የበዛው ጥያቄ። "ሳይቶካይን እንዲበዛልን ምን እንብላ?" አንዱ ዝንጅብል ይላል፣ አንዱ ፌጦ። ቆይ ቆይ ቆይ! እንዲበዛ ማን አለ? ጉንፋን ሲይዛችሁ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ በአብዛኛው የራሳችሁ ሳይቶካይን ሥራ ነው።

2006 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ለንደን፣ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል። ቲጂኤን1412 የሚባል መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሊሞከር ነው። 6 ጤነኛ ወንዶች ወሰዱት። መድኃኒቱ ሲዲ28ን ቀጥ ብሎ ይይዛል፣ የሰብሳቢውን ፊርማ አይጠብቅም። እትዬ ብቻቸውን ካዝናውን ከፈቱት! ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ትኩሳት። ከዚያ ሳንባና ኩላሊት ተራ በተራ ይታመም ጀመር። 6ቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል። የወሰዱት መጠን እኮ ጦጣ ላይ ጉዳት ካላሳየው በ500 እጥፍ ያነሰ ነበር። በኋላ ሲጣራ፣ ሳይቶካይኑን ያጎረፉት የሰው የማስታወስ ቲ ሴሎች (ያለፈን ጀርም የሚያስታውሱት) ሲዲ28 አላቸው፤ የጦጣዎቹ አቻ ሴሎች ግን የላቸውም። እና "ኢሚውኒቲ ቡስተር" የሚል ብልቃጥ ይዛችሁ አትምጡብኝ።

እንዲያውም ምርቱ እንዲቀንስ የሚለፉ ሰዎች አሉ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ኩላሊት ይተከላል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ብዙ ጊዜ ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን ይወስዳል። ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ፈንገስ የወጣ ነው። ሁለቱም ካልሲኒዩሪንን ያስቆማሉ። ኤንፋት ደጅ ይቀራል፣ ኢንተርሉኪን-2 ይቀንሳል፣ ቲ ሴሉ አዲሱን ኩላሊት አይነክሰውም። ኢንፌክሽን ግን በቀላሉ ይይዛቸዋል፣ ስለዚህ መጠኑ በደም ምርመራ ነው የሚስተካከለው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ሐኪሙን ሳትጠይቁ የቅጠል መድኃኒት አትስጡት።

ኢንተርሉኪን-2 ከወጣ በኋላ የሚቀበለው ሴል ምን ይሆናል? ጃክ-ስታት የሚባል የመልእክት መንገድ አለ። እሱ የሚቀጥለው ቪዲዮ ነው፣ ደወሏን ተጫኑ።